ገና መሮጥ ከጀመረች ልጅ ጋር ጎንደርን ማየት

ጎንደርን ከትንሽ ልጅ ጋር ለማየት ካሰባችሁ የሕፃን ጋሪውን ቤት ተዉት። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። የእግረኛ መንገዱ እዚህ ይጀምርና እዚያ ይቋረጣል፤ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ ጋሪ ሲነጥር ልጁ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ፋሲል ግንብ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሣር፣ ጠጠርና ደረጃ ነው ያለው። የሚያዋጣው ማዘያ ነው። ከደረት ጋር የሚታሰረው ዘመናዊውም ይሁን የእናቶቻችን አንቀልባ፣ ዋናው እጃችሁ ነፃ መሆኑ ነው።

የሄድነው አራት ሆነን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ እና የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጃችን። ልጅት መሮጥ ከጀመረች ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ረስታለች። ደረጃ ካየች ትወጣለች፣ ጉድጓድ ካየች ትገባለች። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «እሷ ስለ ግንብ ምን ይገባታል?» ሲለን ነበር። እርግጥ ነው፣ ምንም አይገባትም። ግን ጎንደር ውስጥ ሰው ሊያያቸው የሚሄዳቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ሰፊ ግቢና ትልልቅ ዛፍ አላቸው። መኪና የለም፣ ጥላ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ እንዲህ የሚሮጥበት ቦታ ስንት አለ?

አንድ ነገር ብቻ አስቀድመን ተስማማን። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከእንቅልፏ በኋላ ማክያቶና ትንሽ ዞር ዞር። ከዚያ በላይ የለም። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ይቀላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጥምቀትን ከዚህ ዕድሜ ልጅ ጋር አልመክርም። ጥር 11 የጎንደር ጥምቀት በሕይወት አንዴ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ግን ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው፤ ማደሪያውም ዋጋው ይሰቀላል፣ ያውም ከተገኘ። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ደግሞ ዝናብ ነው። እኛ የመረጥነው የጥቅምትን ማለቂያ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ብርዱ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለከንቱ አይደለም። ቀን ላይ በካናቴራ የምትሮጥ ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ሹራብና ካልሲ ትፈልጋለች። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የቀኑ ፀሐይም ቀላል አይደለም። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ያዙ። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ከፍታው ራሱ ለውጥ የለውም፤ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ይላል።

የሄድነው በአውሮፕላን ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ሰላም ቢሆን እንኳ ከሕፃን ጋር አልሞክረውም። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ማታም በጊዜ ግቡ። አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲወርድ ጡት ወይም ጡጦ ስጡ፤ መዋጧ ጆሮዋን ይከፍትላታል። መውረድ የሚጀምረው ከምታስቡት ቀድሞ ስለሆነ ወተቱን ሳትጨርሱ ያዙ። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ በኩል ስለሆነ ከዚያ ወደ ከተማው ጥቂት መንገድ አለ። የልጅ መቀመጫ ያለው ታክሲ እናገኛለን ብላችሁ አትጠብቁ። ከኋላ ተቀመጡ፣ ሾፌሩን «ቀስ በልልን፣ ልጅ አለች» በሉት። ይሰማል። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ነው ያለው። ልጁን መሐል አድርጉት፣ በተከፈተው ጎን በኩል ትልቅ ሰው ይቀመጥ።

ማደሪያ ስትይዙ ስለ አልጋው ስፋት ከመጠየቅ በፊት ስለ ውሃው ጠይቁ። ጎንደር የውሃ እጥረት የቆየ ችግሯ ነው። «ሮቶ አላችሁ ወይ? ሙቅ ውሃስ በስንት ሰዓት ይመጣል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሳፋም አስመጡ። ሻወር ብቻ ባለበት መታጠቢያ ቤት ሕፃን ማጠብ ትግል ነው፤ ሳፋ ካለ ግን ጨዋታ ይሆናል። ምድር ቤት ያለ ክፍል ከተገኘ ያዙት፤ በረንዳ ያለውን ክፍል ግን የብረቱን ክፍተት ሳታዩ አትቀበሉ።

ሌላው ድምፅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካደራችሁ ማታ ሙዚቃው አለ። ከፒያሳ ራቅ ብላችሁ ካደራችሁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ እኮ ናት! ያውም እኛ የሄድነው በጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ ማኅሌተ ጽጌው ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። ጎንደር ደግሞ የአቋቋም፣ የከበሮና የጸናጽል ዝማሬው፣ አገር ናት፤ በዚህ አትታማም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅት ዓይኗን አፍጥጣ ተነሣች። ባለቤቴ ትራስ ጆሮዋ ላይ ጫነች። እናቴ ግን ነጠላዋን ለብሳ መስኮቱን ከፈተችና «ስሙ እንጂ፣ ይኼንን ለመስማት ሰው ስንት አገር አቋርጦ ይመጣል» አለችን። ሕፃኗን ይዛ ቁጭ አለች። ልጅት ከበሮው ሲመታ እያጨበጨበች እስኪነጋ ቆየች። እኔ እንቅልፌን ስለምወድ የከበሮውን ጣዕም የማጣጥምበት ሰዓት አልነበረም። እንዲህ ያለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የጠዋቱን ዕቅድ ሰርዙት፤ ግንቡ የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ግንቡ። ፋሲል ግንብ ጠዋት እንደተከፈተ ግቡ፤ ሰው ሳይበዛ፣ ፀሐዩም ሳይበረታ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላ የመጡት ነገሥታት እዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን እየጨመሩ ነው የተገነባው። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ አለ፣ የዳዊት አዳራሽ፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ። ሁሉም 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ነው፤ አጥሩ 12 በሮች ነበሩት። በ1972 ዓ.ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አስጎብኚ ያዙ፤ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ያገኘነው ወጣት ትምህርቱን በቃሉ የያዘ ነበር። ገና «በመጀመሪያ…» ሲል ልጅት ወደ ሣሩ ፈተለከች። «ወንድሜ፣ እኛ ቆመን የምንሰማ ሰዎች አይደለንም፤ እየተከተልናት ንገረን» አልኩት። ሳቀና ተቀበለ። ታሪኩን የሰማነው በሷ መንገድ ነው፤ ከበካፋ ተነሥተን ወደ ፋሲል፣ ከዚያ እንደገና ወደ በካፋ። እናቴ ደክሟት ዛፍ ሥር ስትቀመጥ «እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፣ የቀረውን እዚህ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አላት። እንዳለውም አደረገ።

ልጅትን ከሁሉም በላይ የማረካት የአንበሶቹ ቤት ነው። ነገሥታቱ አንበሳ ያኖሩበት ስፍራ ነው፤ ዛሬ ባዶ ነው። የአንበሳን ድምፅ ከሥዕል መጽሐፏ ስለምታውቅ እያንዳንዱን ክፍል እየዞረች አገሣችበት። የውጭ አገር ጎብኚዎች ግንቡን ትተው እሷን ፎቶ አነሱ። ሁለተኛው የወደደችው የኢያሱ ግንብ ነው። ጣሪያ የለውም። በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር ይነገራል፤ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዋጉ በቦምብ ተመታ። እሷ ደግሞ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በላይ የሚበሩትን ወፎች ትቆጥር ነበር፤ «አንድ፣ አንድ፣ አንድ» እያለች።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ደረጃው ነው። የፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ይደርሳል። የውጭ ደረጃው ድንጋይ ነው፣ የእርከኑ ከፍታ ለሕፃን እግር አልተሠራም፤ መከለያው ደግሞ አንዳንድ ቦታ ዝቅ ይላል። ልጁን ይዛችሁ አትውጡ። በየተራ ውጡ። አንዱ ላይ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል፣ ሌላው ታች ሆኖ ልጁን ይይዛል። እኔ ስወጣ ልጅት ከታች «አባ! አባ!» ስትል ግቢው በሙሉ ሰማ።

ማዘያው በእኔ ጀርባ ላይ ስለነበር ነገር መጣብኝ። ጎንደር ውስጥ ወንድ ልጅ አዝሎ ሲሄድ ማየት ብዙም የተለመደ አይደለም። አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ወንድምዓለም፣ እናቲቱ ወዴት ሄደችብህ?» አሉኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ማክያቶዋን ይዛ ትሥቃለች። «ይቻትና» ስላቸው ወደሷ ዞረው «እታለም፣ ታድለሻል» አሏት። ከዚያ በኋላ ማዘያውን ልትቀበለኝ ፈቃደኛ አልሆነችም።

ፋሲል መዋኛ ለብቻው አንድ ጠዋት ይገባዋል። ከግንቡ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ የግንቡ ትኬት እዚያም ያስገባ ስለነበር ትኬታችሁን አትጣሉ። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ገንዳው ውሃ የለውም፤ ለጥምቀት ነው ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላው። ልጆችን የሚያስደንቀው ዛፎቹ ናቸው። ሥሮቻቸው የመዋኛውን አጥር ጨምድደው ይዘውታል፤ ልጅ ሊገባባቸውና ሊወጣባቸው የሚችል ቀዳዳ አለ። ከግቢው ብዙም ሳይርቅ የፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባል ሕንፃ አለ። «ፈረሱ የታለ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አዘጋጁ። እኛ «ተኝቷል» ብለን አለፍን። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ባዶው ገንዳ ጥልቅ ነው፣ ጠርዙም ክፍት ነው። እዚያ አካባቢ እጇን አልለቀቅንም። ሩጫው ከዛፎቹ ሥር፣ ሣሩ ላይ ይሁን።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ እናቴ የመጣችበት ነው። ቅዳሴ ላይ ጎብኚ ስለማይገባ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጫማ ይወልቃል፤ የወንዶችና የሴቶች መግቢያ የተለያየ ነው፤ ፎቶ ከተፈቀደ ያለ ፍላሽ ነው። ከመግባታችን በፊት ልጅቱን አበላናት፣ ዳይፐሯን ቀየርን፣ ግቢው ውስጥ በደንብ አስሮጥናት። ይህ ቅደም ተከተል ይሠራል። ስትገባ ደክሟት ስለነበር በእናቴ ክንድ ላይ ዝም አለች። ከዚያ ቀና ስትል ጣሪያውን አየች። ጣሪያው በሙሉ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊት ነው፤ ዓይናቸው ትልልቅ ነው። ያን ሰሞን የተማረችው ቃል «ዓይን» ነበር። «ዓይን! ዓይን!» እያለች ጣቷን ቀሰረች። ደንግጬ ላወጣት ስል አንድ አባት «ተዋት፣ እሷም እያየች ነው» አሉኝና መስቀል አሳለሟት። እናቴ የንቦቹን ታሪክ ነገረቻት። በ1880 ዓ.ም ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ ወጥቶ አዳናት ይባላል። ከዚህ ሁሉ ልጅት የያዘችው «ዝዝዝዝ» የሚለውን ብቻ ነው። ሌሊት ስትነቃም «ዝዝዝዝ» አለችን።

ቁስቋም ዳገት ስለሆነ እናቴና ባለቤቴ ልጅቱን ይዘው ሆቴል ቀሩ፤ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። የእቴጌ ምንትዋብ ፍርስራሽ ግንብ እዚያ አለ፤ ጸጥታው ደስ ይላል። የቅዳሜ ገበያውን ደግሞ ባለቤቴ ብቻዋን አየችው። አህያው፣ ሸክሙ፣ ግፊያው ለሕፃን አይሆንም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች፤ ዛሬ የሸክላ ቅርጻ ቅርጽ ይሸጥባታል። የገዛናት የሸክላ በግ ሆቴል ሳትደርስ አንገቷ ተቆረጠ። ስሜን ተራራን ለሌላ ጊዜ ትተነዋል። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ይበርዳል። ጎርጎራ ጣና ዳር ከሄዳችሁ ወባ ስላለ ያለ አጎበር አትደሩ።

ስለ ምግብ ብዙ አትጨነቁ፤ ስለ በርበሬ ግን ተጨነቁ። «አልጫ ነው» የተባላችሁትን ቀድማችሁ ቅመሱ። እንቁላል፣ ቂንጬ፣ ድንች፣ ሙዝና ፓፓያ በየቦታው አለ። ጁስ ስታዙ ያለ ስኳርና ያለ በረዶ በሉ፤ ውሃ ከጨመሩበትም የታሸገ ይሁን። እኛ የአጥሚት ዱቄት ከቤት ይዘን ነበር። ሆቴሉ ወጥ ቤት ጠዋት አፍልተው በፔርሙስ ይሰጡን ነበር፤ ለወጥ ቤት ሠራተኛዋ ትንሽ ጉርሻ አስቀምጡላት። ባለቤቴ ዳሽን ቢራን በተወለደበት አገር መቅመስ አለብኝ ብላ ነበር። ቀመሰች። አዲስ አበባ ካለው ምንም አይለይም አለች።

ከምግብ ቤቱ ይልቅ የሚያሳስበው የቡና ሥነ ሥርዓቱ ነው። ረከቦቱ፣ የከሰል ምድጃው፣ የጋለው ጀበና፣ ሁሉም በሕፃን ቁመት ልክ ነው። ቦታ ስትመርጡ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ጀርባው ግድግዳ የሆነውን ያዙ። ከዚያ ደግሞ ፈንዲሻው ይመጣል። ሰዉ ልጅ ይወዳል፤ ሳይጠይቅ እፍኝ ፈንዲሻ ወይም ቆሎ በእጇ ያስጨብጣታል። በዚህ ዕድሜ ሁለቱም ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። አልቀበልም ማለት ነውር ስለሚመስል መላ ፈለግን። ኪሳችን ውስጥ ሁልጊዜ ቁራሽ ዳቦ ነበር። ፈንዲሻውን እናቴ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበላለች፣ ልጅት ዳቦዋን ይዛ ትቀራለች። ማንም አልተቀየመም።

መሳሙም እንደዚሁ ነው። አዛውንቶች «እትፍ እትፍ፣ እደጊ» ብለው ይመርቃሉ፣ ጉንጯን ይይዛሉ፣ አንዳንዴም ተቀብለው ይዘዋት ይሄዳሉ። አንዲት አስተናጋጅ ወጥ ቤት ድረስ ወስዳት ከሽንኩርት ጋር መለሰቻት። እኔ ደስ ይለኛል፤ ባለቤቴ ጀርም ታስባለች። መሐል ላይ ተገናኘን። መታቀፍ ይቻላል፣ አፍ ላይ መሳም አይቻልም። «ትንሽ ጉንፋን ይዟታል፣ እንዳይዝብዎት» ሲባሉ ራሳቸው ይተዋሉ።

ጉንፋኑ ይቅርና ተቅማጡ መጣ። ከምን እንደሆነ አልታወቀም፤ በዚህ ዕድሜ ሁሉም ነገር አፍ ውስጥ ይገባል። ከቤት የያዝነው ኦ አር ኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ጠቀመን። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። በማንኪያ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ስጡ። ካስታወከች ጥቂት ጠብቃችሁ እንደገና ጀምሩ። ጡትና ምግብ አታቋርጡ። ዚንክም ከፋርማሲ ጠይቁ። ደም ካያችሁ፣ ስታለቅስ እንባ ከሌላት፣ ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም ከመጠን በላይ ከፈዘዘች ግን ማታም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እዚያው ከተማው ውስጥ ስላለ ይህ ያጽናናል። የኛ ልጅ በማግስቱ ሣር ላይ ነበረች።

ጊዜ ከተረፋችሁ አመሻሹ ላይ ጎሐ ሆቴል ወዳለበት ኮረብታ ውጡ። እዚያ ባታድሩም ሻይ ጠጥቶ ከተማውን ቁልቁል ማየት ይቻላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚነፍስ ሹራቡን አትርሱ። ልጁን ግን ከኮረብታው ጠርዝ አርቁ።

ስትመለሱ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ በረራ ምረጡ። ጠዋት ተረጋግታችሁ ቁርስ ትበላላችሁ፣ ልጅቱንም ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ታስሮጧታላችሁ፣ የእንቅልፏ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ይደርሳል። ፍተሻው ወረፋ ስላለው ወደ አዘዞ ቀደም ብላችሁ ውጡ። በእጅ ቦርሳችሁ ሁለት ቅያሪ ልብስ ይኑር፤ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ደግሞ ልጁን ለሚያቅፈው ሰው።